ጋራዡ ዕቃ ቤት እንዲሆን
(የዕቃ ቤት ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



እኛ የዕቃ ቤት ኮሚቴ ብላችሁ የመረጣችሁን አራት ሴቶች ነን። ከአራታችን አንዳችንም ግንበኛ ወይም በያጅ አይደለንም። አንዷ እንጀራ ትጋግራለች፣ አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፣ አንዷ ትንሽ ሱቅ አላት፣ አራተኛዋ የጋራዡ ባለቤት ናት። ዛሬ የቆምነው ስለ መደርደሪያ ልናወራ ነው። «ስለ መደርደሪያ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትል ካለች፣ ባለፈው ዓመት እኛም እንደዚያው ስንል ነበር።

እንግዶች ስላላችሁ ከመጀመሪያው እንነሳ። ማኅበራችን ሲቋቋም ንብረቱ አንድ ድንኳን፣ ሁለት ጎላ ድስትና ጥቂት ሰሃን ነበር፤ በየተራ በየቤታችን ይቀመጥ ነበር። የበርበሬና የሽሮ ሥራ ሲጨመርበት ጆንያው መጣ፣ ሚዛኑ መጣ፣ የማሸጊያ ፕላስቲኩ መጣ። ብዙዎቻችን የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ በርበሬ ተሸክሞ መውጣቱስ ይሁን፤ ወጥቶ የት ይቀመጣል? አልጋ ሥር። ቤተሰቡ ሁሉ ሲያስነጥስ ያድራል።

በዚህ መሐል መካኒሳ ያለችው እህታችን «የእኔን ጋራዥ ውሰዱት» አለችን። ባለቤቷ የላዳ ታክሲ ሾፌር ነበሩ፤ መኪናዋ ከተሸጠች ወዲህ ቤቱ ባዶውን ቆሞ ነበር። ኪራይ አልጠየቀችንም። ከደስታችን ብዛት ሜትር የያዘ ሰው አልነበረም። በአንድ እሑድ ያለንን ሁሉ እየገፋን አስገብተን፣ በሩን በትከሻችን ዘግተን ሄድን።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ሐምሌና ነሐሴን እናንተም ታውቃላችሁ። በርበሬው ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ነበር የተቆለለው። ከታች የነበሩት ሁለት ጆንያዎች ላይኛው ጨርቃቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ሻግቶ ተገኘ። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይመለሳል ያሉ ነበሩ። አይመለስም። ሻጋታው ትቶት የሚሄደው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ በመታጠብም በመቀቀልም አይለቅም፤ ጉበት ይጎዳል። ስለዚህ ጣልነው። የተገዛው ከቁጠባችን በወሰድነው ብድር ስለነበር፣ የጣልነውን በርበሬ ዕዳ ወራት ሙሉ ከፈልን።

ሁለተኛው ነገር ግን ከበርበሬው የባሰ ነው፤ እሱን ለመናገር ኮሚቴው ውስጥ ሳይቀር ተከራክረናል። ከአንድ ሐዘን መልስ ሰሃን ተቆጥሮ 31 ጎደለ። ማንም ማንንም ፊት ለፊት አልጠየቀም። በየቡናው ላይ ግን «ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው» የሚል ቃል ይዞር ጀመር። ቃሉ ጆሮዋ ደረሰ። በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን መጥታ ቁልፉን በመሐረብ እንደተቋጠረ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዝም ብላ ተቀመጠች። እዚያ የነበርን ሁሉ ያን ዝምታ አንረሳውም። ከ3 ሳምንት በኋላ ዕቃውን በሙሉ ወደ ግቢ ስናወጣ 31ዱም ሰሃን ከድንኳኑ በስተጀርባ፣ በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልለው ተገኙ። ማን ጠቀለላቸው? ከመካከላችን አንዷ፣ እንዳይሰበሩ ብላ። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በእናንተ ፊት እንጠይቃታለን።

እንግዲህ መደርደሪያ ልንሠራ ስንነሳ የፈለግነው ነገር ይህ ነበር፤ ማንኛዋም አባል ገብታ፣ ባለቤቷን ሳትጠይቅ፣ ዕቃው የት እንዳለና ስንት እንደሆነ በዓይኗ እንድታውቅ። ቤት ያዋሰች ሴት ዘብ ልትሆን አይገባም፤ ተጠርጣሪ ልትሆንማ ጨርሶ።

መጀመሪያ ያደረግነው ብረት መግዛት አልነበረም። ዕቃውን ግቢው ውስጥ ዘርግተን በሦስት ከፈልነው። በየሳምንቱ የሚወጣ፤ ሚዛኑ፣ ፕላስቲኩ፣ ለሽያጭ የተዘጋጀው ሽሮና በሶ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወጣ፤ የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዕቃ። ሦስተኛው ሳይታሰብ የሚወጣ ነው፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ። ይህ ሦስተኛው ብዙ አነጋግሮናል። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሰው እያለቀሰ ነው፣ እኛ በስልክ ብርሃን ጆንያ እየዘለልን ድንኳን እንጎትታለን። ስለዚህ ድንኳኑና ምሰሶዎቹ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ እጅ የሚያርፍባቸው ሆኑ። የበዓሉ ዕቃ ወደ ጓዳው ጥግና ወደ ላይ ሄደ።

አራተኛ ክምርም ነበር፤ የማኅበሩ ያልሆነ። የእገሊት ሻንጣ፣ የእገሊት ልጅ አልጋ፣ እግራቸው የተሰበረ 11 ወንበሮች። ሻንጣው ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ወንበሮቹን ቆራሌው ወሰዳቸው። ሦስት አባላት ለአንድ ወር ያህል አኩርፈውን ነበር። የሆነው ሆኖ የጋራዡን ሲሶ ያገኘነው ያኔ ነው፤ አንድ ሚስማር ሳንመታ።

ከዚያ ቤቱን ለካን። ስፋቱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ከ40 ነው። መጀመሪያ በወረቀት ላይ በሁለቱም በኩል 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ሥለን ነበር። መምህርታችን ጠመኔ አምጥታ ወለሉ ላይ አሰመረችው፣ በመስመሩ ላይ ካርቶን ደረደርን፣ ከዚያ ሁለት ሆነን ጎላውን ድስት ይዘን ለመዞር ሞከርን። አልዞረም። ደግሞም 80 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከኋላ የተቀመጠውን ለማውጣት የፊተኛውን ማውረድ ግድ ነው፤ ሰሃኖቹ የጠፉት እንደዚያ ነው። ክንዳችንን ለካን፤ ያለጭንቀት የሚደርሰው ወደ 60 ነው። ስለዚህ ድስት የሚቀመጥበት ጎን 60፣ ሌላው ጎን 40 ሆነ፤ መሐሉ 2 ሜትር ተረፈ። ጠመኔውን ለመግዛት ያወጣነው ገንዘብ ከሁሉም ወጪያችን የበለጠ ጠቅሞናል።

ስለ ወለሉ ያስተማሩን ግን ከጎጃም የመጡት እናታችን ናቸው፤ በስብሰባ ብዙም አይናገሩም። ጆንያው የት ይቀመጥ ስንል «ለመሆኑ ጎተራ መሬት ላይ ተቀምጦ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። አባቶቻችን ጎተራውን ከእንጨትና ከቀርከሃ ሠርተው፣ በጭቃና በእበት መርገው፣ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ያቆሙት ነበር፤ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ፣ ከላዩ ክዳን እንዲኖረው። የእኛው ጎረቤት ጎተራ የሚባለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻው ነው፤ በየቀኑ በታክሲ እያለፍነው ትርጉሙን ረስተነዋል። ሲሚንቶ ወለል ደረቅ ይመስላል እንጂ ከሥሩ እርጥበት ይስባል። አሁን ጆንያ ሁሉ የሚቀመጠው ፓሌት ላይ ነው፣ ከግድግዳውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይርቃል። ወለሉ ላይ የቀረውን የመኪና ዘይት ሰጋቱራ በትነን፣ በኦሞ ደጋግመን አጥበን አወጣነው፤ ዱቄት ሽታ ይስባልና።

ነቀዝን በተመለከተ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለን። ገበያ ላይ የሚሸጠው የነቀዝ ክኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ጋራዡ ከልጆች መኝታ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ክኒኑ በዚህ ግቢ አይገባም፤ በዚህ ላይ ድምፅ አንሰጥም፣ አንከራከርም። በምትኩ ለእህሉ ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ይዘናል፤ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለገበሬዎች ብለው የጀመሩት ነው። ሁለት ፕላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጪ፤ አፉ ጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል። እህሉ ግን አስቀድሞ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ርጥብ ከታሰረ እዚያው ይሻግታል።

አሁን ወደ ብረቱ። የመጣው በያጅ መደርደሪያውን በፊሸር ግድግዳው ላይ ልስቀልላችሁ አለን፤ ብረት ይቆጥብላችኋል ብሎ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ የብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካን ወደ 18 ኪሎ ይመዝናል፤ ስድስቱ ሲደረደሩ ከኩንታል በላይ ነው። ኩንታል በብሎኬት ልጣጭ ላይ አይንጠለጠልም። «እናቶች፣ ይሄንን ለኛ ተዉት» አለን። አልተውንለትም። መደርደሪያው በራሱ እግር ይቁም፣ ግድግዳውን የሚይዘው እንዳይወድቅ ብቻ ይሁን፣ የሚታሰረውም ኮለኑ ላይ ይሁን አልነው። የእግሮቹ ርቀትም አከራክሮናል። እሱ በ2 ሜትር አንድ እግር ይበቃል ሲል፣ እኛ በየ1 ሜትሩ አልን። ያው ክብደት ሳይጨመርበት በእግሮቹ መሐል ያለው ርቀት እጥፍ ቢሆን፣ መጉበጡ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ይህን ያሰላልን የመምህርታችን የቀድሞ ተማሪ ነው፤ በያጁም ወረቀቱን አይቶ ሳቀና እግር ጨመረ። ጎበዝ ሰው ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው።

እግሩ ቱቦላሬ፣ ከንፈሩ አንጎላሬ፣ ላዩ ጣውላ ነው። ችፑድ ርካሽ ነበር፤ ነገር ግን እርጥበት ሲነካው እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። በእኛ አካባቢ ብዙው መሬት ዋልካ ስለሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወለሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በየመስከረሙ ውሃ ልክ አስቀምጠን እግሩን እናያለን፤ ይህ ሥራ ለኮሚቴው ተጽፏል።

የሰሃኑን ቦታ እንድታዩልን እንፈልጋለን። 25 ሰሃን ደርድረን ቁመቱን ለካንና ክፍሉን በዚያው ልክ አስቆረጥነው። 26ኛው አይገባም፤ አንዱ ከጎደለ ከላይ ክፍተቱ ይታያል። 8 ክፍል፣ 200 ሰሃን። ከሐዘን መልስ ቆጠራ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን እንዳይቸገሩ ጽሑፍ ብቻ አላደረግንም፤ የበርበሬው መደርደሪያ ቀይ፣ የሽሮው ቢጫ፣ የማኅበሩ ወጥ ቤት ዕቃ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጆንያ ሲገባ የገባበት ወር ይጻፍበታል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ከባዱ ከታች ነው፤ ከትከሻ በላይ ፕላስቲክና ጨርቅ ብቻ።

ቁልፉ ግን አላስማማንም፤ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። አንዳንዶቻችን ሁለት ጓጉንቸር ይደረግ፣ ሁለት ሰው ሳይገናኝ አይከፈት አልን። የሌሊቱ ሐዘን ትዝ ሲለን ተውነው። አሁን አንድ ጓጉንቸር፣ ሦስት ቁልፍ አለ፤ ሁለቱ በየሩብ ዓመቱ ይዞራሉ፣ አንዱ ባለቤቷ ዘንድ ይቀመጣል። የከፈተች ሁሉ በሩ ላይ በተሰቀለው ደብተር ትፈርማለች፤ ባለቤቷም ጭምር ትፈርማለች። ይህን ያለችው ራሷ ናት፤ ያለዚያ ቁልፉን አልወስድም ብላን ነበር።

ለደጋፊዎቻችን፤ የላካችሁልን ገንዘብ ለብረቱ፣ ለጣውላውና ለብየዳው ውሏል፣ ደረሰኙ ጸሐፊዋ ዘንድ አለ። ያልጨረስነው አንድ ነገር ነው፤ የጋዝ ሲሊንደሮቹና የላምባው ቦታ። የምግብ ማብሰያው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ወለል ወርዶ ይተኛል፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ከእህሉም ከቤቱም ተለይቶ፣ ግቢው ጥግ ላይ በሽቦ የታጠረና ቆርቆሮ የለበሰ ማስቀመጫ ያስፈልገናል። እስከዚያው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመዋል፤ ከክረምቱ በፊት ቢያልቅ ደስ ይለናል።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ደርቆ ሲጠቀለል ዕቃውን እናስገባለን። መምጣት የምትችሉ ሁሉ ኑ፤ ቡናው እዚያው ይፈላል። የቢጫው መደርደሪያ ቀለም ገና አልደረቀም፣ ነጠላ ለብሳችሁ እንዳትጠጉት።