ጋዝን የሚያስሩ ድንጋዮችና የስምጥ ሸለቆ ውሃ



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው አርሲ ነገሌ ከመድረሱ አስቀድሞ በላንጋኖ፣ በአብያታና በሻላ ሐይቆች አጠገብ ያልፋል። በዚያ አገር የሚታየው መሬት በብዛት እሳተ ገሞራ የተፋው ዐመድና ቀላል ድንጋይ ነው። ብዙዎቻችን «ይህ ምን ይጠቅማል?» ብለን እናልፈዋለን። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ዐመድ ጨዋማ በሆነ የሐይቅ ውሃ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረ እንደ ሆነ ዜዮላይት ወደሚባል ማዕድን ሊለወጥ ይችላል።

ስሙን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1756 ዓ.ም. ያወጣለት ስዊድናዊው ክሮንስቴት ነው። ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ «የሚፈላ ድንጋይ» ማለት ነው፤ ሲሞቅ በውስጡ የታሰረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይወጣልና። የዚህ ማዕድን ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በደቃቅ ክፍሎች የተሞላ ነው። አየር በተመረጠ ዜዮላይት ውስጥ ሲያልፍ ናይትሮጅኑ ይያዛል፤ ኦክሲጅኑ ግን ያልፋል። ለሕሙማን ኦክሲጅን የሚያዘጋጁ ብዙ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚህ ጠባይ ነው። ከዚህም የጠበቀ እስር ቤት አለ፤ በሲሲሊ ደሴት የተገኘውና በ1876 የተሰየመው ሜላኖፍሎጋይት ሲፈጠር ያገኘውን ሚቴንና ናይትሮጅን በውስጡ ቈልፎ ያኖራል።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ እንመለስ። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጕድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ አብዝቶ የጠጣ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም አጥንትም ይጐዳል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወጣም፤ ውሃው በተነነ መጠን ይልቁን ያበዛዋል።

ታዲያ ዜዮላይቱ ፍሎራይዱን አያስርልንምን? ብቻውን አያስርም፤ ሁለቱም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላላቸው ይገፋፋሉና። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእስፔን ተመራማሪዎች ስቲልባይት በተባለው የአገራችን ዜዮላይት ላይ የአጥንትን ማዕድን የሚመስል አፓታይት አሳድገው ፍሎራይድን ከውሃ እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ሥራቸውም በ2013 ታትሟል። ድንጋይ የሚጠቅመው ጠባዩን ላወቀ ሰው ነው ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ በሥራ ዝውውር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ ከተሞች የምትሄዱ ሁሉ፣ ውሃው ጥሩ መስሎ ስለ ታየ ብቻ አትመኑት፤ ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም። የምትጠጡት ውሃ የተመረመረበትን ውጤት ጠይቁ። ጕድጓድ የማስቈፈር ኀላፊነት የተሰጣችሁም ሪባኑ ከመቈረጡ በፊት ውሃውን አስመርምሩ። የበለዘ ጥርስ ተመልሶ እንደ ቀድሞው አይሆንምና።