የተራ አስከባሪው እስክሪብቶ፤ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ስለ ክሮች መቀናጀት



አራዳን የሚያውቅ ሁሉ ተራ አስከባሪን ያውቃል። የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ከፊሉ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ መልኩ ቢለወጥም፣ ታክሲዎች በየተራቸው ሲጭኑ፣ ተራ አስከባሪውም ወረቀቱን ይዞ የሰሌዳ ቁጥር ሲመዘግብ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም። ዛሬ ለውይይት የቀረበው ጉዳይ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ወረቀት የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም።

አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚካሄዱ በርካታ የሥራ መሥመሮች ሊኖሩት ይችላል። ባለሙያው ‹ትሬድ› ይላቸዋል፤ ክር ማለት ነው። ክሮቹ የየራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ፤ የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ ግን በጋራ ይጠቀሙበታል። ጣጣው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ለመልመጃ ያህል በአንድ ተራ ላይ ሁለት ተራ አስከባሪዎች ተሰማርተዋል ይባል። አንዱ በጊዮርጊስ በኩል፣ ሌላው በቸርችል ጎዳና በኩል የሚመጡትን ታክሲዎች ይቀበላል፤ ወረቀቱ ግን አንድ ነው። በወረቀቱ ላይ የመጨረሻው ተራ 41 ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው 41ን አንብቦ ለሾፌሩ «አንተ 42 ነህ» ሊል ዞር ሲል፣ ሁለተኛውም መጥቶ ያንኑ 41 ያነባል። ሁለቱም ተመልሰው 42 ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ የሚነሣውን ጠብ ፒያሳ የዋለ ሰው ይገምተዋል።

በኮምፒዩተርም ውስጥ የሚደርሰው ይኸው ነው። በአንድ ቁጥር ላይ አንድ መጨመር ለተመልካች አንድ ድርጊት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ የሚባሉ ሦስት ድርጊቶች ናቸው። ሁለት ክሮች እያንዳንዳቸው መቶ ሺህ ጊዜ አንድ ቢጨምሩ፣ ድምሩ 200,000 መሆን ሲገባው አንሶ ሊገኝ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ አለማነሱ ነው። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በትክክል ሠርቶ በመቶኛው የሚሳሳትን ፕሮግራም በፈተና ብቻ እይዛለሁ ማለት ጉም እንደ መዝገን ይሆናል።

ነገሩ ከትምህርት ቤት መልመጃ አልፎ ሕይወት ያጠፋበት ጊዜ አለ። ቴራክ 25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ በስድስት ሕሙማን ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር አፍስሷል፤ ከእነርሱም መካከል የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ በአንድ ጊዜ የሚካሄዱት የፕሮግራሙ ክፍሎች የጋራውን መረጃ ሳይጠባበቁ መጠቀማቸው ነበር። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ የነበረው የመካኒክ መከላከያም ‹ፕሮግራሙ ይበቃል› ተብሎ ተነሥቶ ነበር። መሐንዲስ ይህን ሲሰማ ሊዘገንነው ይገባል።

መፍትሔው በአራዳ ቋንቋ አንድ እስክሪብቶ ነው። ለሁለቱ ተራ አስከባሪዎች አንድ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ እስክሪብቶውን ያልያዘ ወረቀቱን አያነብም፣ አይጽፍምም። ‹አያነብም› የሚለው ይሰመርበት፤ ጀማሪዎች መጻፉን ብቻ ቆልፈው ንባቡን ክፍት ይተዉታልና። የያዘውም ጽፎ ወዲያው ይመልሳል፤ በኪሱ ከትቶ ማኪያቶ ሊጠጣ ከሄደ ተራው በሙሉ ይቆማል። አንድ ታክሲ ከመርካቶ ተራ ወደ ቦሌ ተራ ሲዛወር ግን የሁለቱም ተራ እስክሪብቶ ያስፈልጋል። አንዱ የመርካቶውን ይዞ የቦሌውን፣ ሌላው የቦሌውን ይዞ የመርካቶውን ሲጠብቅ እንደ ተፋጠጡ ይመሻል። ሁሉም አስቀድሞ የመርካቶውን እንዲያነሣ ከተወሰነ መፋጠጡ ይቀራል።

ይህን ዓይነቱን መቆጣጠሪያ የኔዘርላንዱ ተወላጅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት ‹ሴማፎር› ብሎታል፤ ስሙ የባቡር ሐዲድ ምልክት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ሲሠራ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ የሚወርደውና ከጦር ኃይሎች የሚመጣው መሥመር ልደታ ላይ ተገናኝተው 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል በጋራ ሐዲድ እንዲሄዱ ተደርጓል። በመጋጠሚያው ላይ አንዱ ሲያልፍ ሌላው መቆም አለበት። ሆኖም ባቡር ምልክት ጥሶ ቢጋጭ አገር ያየዋል፤ ክር ቁልፉን ሳይጠይቅ ቢገባ ግን ማንም አያይም። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ የሚጽፍ አንድ ሰው ካለ፣ የእስክሪብቶው ሥርዐት ፈረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ መልመጃው ለተማሪ ሲሰጥ፣ በማንበብና በመጻፍ መካከል ሆን ተብሎ የአንድ ሺኛ ሰከንድ መዘግየት ይግባበት፤ ጭማሪውም ወደ አንድ ሺህ ቢወርድ ይበቃል። ያን ጊዜ ስሕተቱ ከተደበቀበት ይወጣል። ቀጥሎ ቁልፉ ይጨመር፤ ድምሩ ይስተካከላል። በመጨረሻም ቁልፉን የማይጠይቅ ሦስተኛ ክር ይግባና ድምሩ እንደገና ይታይ።