ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን በቤት ስለ ማስታመም
(ለብቸናና ለሞጣ አካባቢ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው መድኃኒት እቤት ከገባ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። ነርሷ መድኃኒቱን ትሰጣለች እንጂ ሌሊት ተነሥታ ሕፃኑን አታጠጣም። ይህ የአስታማሚው ፋንታ ነው።

ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ታውቁታላችሁ። ሌላው ግንብ ቆሞ ሳለ፥ አንድ ቅስቱ በመሰበሩ ብቻ መንገደኛው ብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ አሰጣጡ እቤት ካልታወቀ የሐኪሙ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው በሰውነቱ ያለውን ውሃና ጨው ስለሚጨርስበት ነው። እንግዲህ «ውሃ ተቅማጡን ያበዛዋል» ብሎ መከልከል ሕፃኑን መጉዳት ነው። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥም ደም ያፈሳል፥ ያመረቅዛል እንጂ ተቅማጥ አያቆምም።

ማድረግ የሚገባው ይህ ነው፤

1ኛ፤ እጅን በሳሙና ታጥቦ፥ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ መበጥበጥ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለመስፈሪያ ይበጃል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ።

2ኛ፤ ባስቀመጠው ቍጥር ሁለት ዓመት ላልሞላው ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ፥ ከዚያ በላይ ለሆነው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ማጠጣት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል። ጡት አይቋረጥ፤ ምግብ የጀመረም ይብላ።

3ኛ፤ የታዘዘለትን የዚንክ ኪኒን በማንኪያ በጥብጦ በየቀኑ መስጠት። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም 10ሩ ቀን ይፈጸም።

ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፥ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፥ ዓይኑ ከጎደጎደ፥ ከደነዘዘ፥ ካንቀጠቀጠው፥ ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለ፥ «እስኪነጋ» ሳትሉ ይዛችሁት ሂዱ። በመንገድም አጠጡት።

መድኃኒት ስትቀበሉ አትፈሩ፤ ጠይቁ። «ምን ያህል? በቀን ስንት ጊዜ? ለስንት ቀን? መቼ ልመለስ?» በሉ። ነርሷም «ገባዎት?» ብላ ብቻ አታሰናብት፤ ሰው በይሉኝታ «አዎን» ይላልና። «እስቲ እናቴ፥ እቤት ሲደርሱ እንዴት አድርገው ነው የሚሰጡት?» ብላ ትጠይቅ። እናቲቱም ቃል በቃል መልሳ ትንገራት።

እቤትም ሲደረስ ለአያት፥ ለአባት፥ ለታላቅ እኅት ይነገር። እናት ውሃ ስትቀዳ ወይም ገበያ ስትወርድ ሕፃኑን የሚይዙት እነርሱ ናቸው። አያት «ይህ ነገር ምንድር ነው?» ብለው ቢከለክሉ፥ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እቤት ድረስ መጥተው ያስረዳሉ፤ ጥሯቸው።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።