«ወጥቶልሽ የለ? ታዲያ ምን ያምሻል?»

እህቶቼ፣ ከዕረፍት ቀናችሁ ላይ ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔም እንደ እናንተ እዚሁ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

የሐሞት ጠጠር ይዞኝ የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ሕክምና ወጣ። በአራተኛው ቀን ምንጣፍ ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ። ሁለት ወር አልፎም ቀኝ ጎኔን ያመኝ ነበር። ማዳም «ወጥቶልሽ የለ? ታዲያ ምን ያምሻል?» አለችኝ። አፈርኩ። አልሠራም ያልኩ መስሎ ወደ አገር እንዳትመልሰኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ነው ሐኪም ቤት የተወሰድኩት። አንዲት ጠጠር በሐሞት ቱቦ ውስጥ ቀርታ ኖሯል፤ በአፍ በሚገባ መሣሪያ አወጡልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ስለዚህ ይህን ያዙ፦ ከረጢቱ ከወጣ በኋላም ሊያም ይችላል። ማስመሰል አይደለም፤ ጥፋታችሁም አይደለም። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቱ ማጠራቀሚያ ብቻ ነበር። አሁን ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል። ቅባት ስትበሉ ሆድ የሚነፋው ወይም ተቅማጥ የሚመጣው ለዚህ ነው። ለብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ የሚያመው ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሆድ በተነፋበት ጋዝ ነው።

በትናንሽ ቀዳዳዎች የተሠራላት እህት 2 ሳምንት ያህል፣ ሆዷ የተከፈተ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልጋታል። እስከዚያ የውኃ ባልዲ፣ ምንጣፍ፣ የጋዝ ሲሊንደር አታንሡ። ሐኪሙ የዕረፍቱን ቀን በአረብኛ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የእናንተን ቃል የማትሰማ ማዳም የሐኪም ወረቀት ታነብ ይሆናል። የምርመራ ወረቀቶቻችሁንም በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

ምግብ ጥቂት በጥቂት ብሉ። ቀኑን ሙሉ ሳትበሉ ውላችሁ ማታ የተረፈ ጥብስ አትብሉ። ጾም ከሆነ ታማችኋልና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ለሕመሙ ባለ 500 ሚሊግራም ፓናዶል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በቀን ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጉበት ሕመም ያለባት ግን አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። ጓደኛ የሰጠቻችሁን ሌላ ማስታገሻ አትጨምሩበት፤ ጨጓራ የሚያቆስል አለ።

እነዚህን ካያችሁ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ እንደ ሻይ የጠቆረ ሽንት፣ የነጣ ሰገራ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ መግል የያዘ ቁስል፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር።

ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ሕመሙ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁም ተመለሱና ታዩ። ጨጓራም ሊሆን ይችላል፣ አንጀትም፣ እንደ እኔ የቀረች ጠጠርም። የት እንደሚያማችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ከበላችሁ በኋላ እንደሚጀምር ጽፋችሁ ያዙ። በአረብኛ «ዐመሊየት መራራ» ካላችሁ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላችሁ ይገባቸዋል። ማዳም አልወስድም ካለች ለእኛ ደውሉልን፤ መንገድ አብረን እንፈልጋለን።

በአገራችን ወኔ የከዳውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። እህቶቼ፣ የእናንተ የወጣው ከረጢቱ ብቻ ነው፤ ወኔያችሁ አለ። «አሁንም ያመኛል» በሉ፤ አንድ ሰው ካልሰማ ለሌላው ንገሩ። እግዚአብሔር ይማራችሁ።