ያለ ርክክብ ዝውውር የለም፦ የደመና ፋይሎችን ወደ ሁለተኛ ዲስክ ስለ ማዛወር


የሒሳብ ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሰነድ ሙያ ነው። ደጋፊ ሰነድ የሌለው ምዝገባ፣ አኃዙ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ በኦዲተር ፊት ሊቆም እንደማይችል ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቀድሞ ይህ ሰነድ በቦክስ ፋይል ታስሮ በመደርደሪያ ይቀመጥ ነበር፤ ቁልፉም በመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እጅ ይገኝ ነበር። ዛሬ ግን የደረሰኙ ስካን፣ የባንክ መግለጫው፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝርና የዓመቱ መዝጊያ ሒሳብ በኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ፎልደር ይሰበሰባሉ፤ ፎልደሩም “ደመና” ከሚባለው የሩቅ ማከማቻ ጋር በኢንተርኔት አማካይነት ሌት ተቀን ይመሳሰላል። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ ፎልደር ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ሲዛወር ሊደርስ የሚችለው ጉዳትና መከላከያው ነው።

ዝውውሩን የሚያስገድደው የቦታ ጥበት ነው። በብዙ ቢሮዎች የሚገኘው ኮምፒዩተር ሁለት ዲስኮች አሉት። አንደኛው ፈጣን ሆኖ መጠኑ አነስተኛ፣ ለምሳሌ 256 ጊጋባይት የሚይዝ፣ “ሲ” ተብሎ የሚጠራውና ዊንዶውስ ራሱ የሚቀመጥበት ነው። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነገር ግን ሰፊ፣ ብዙውን ጊዜ 1 ቴራባይት የሚይዘው “ዲ” ነው። የማይክሮሶፍት ማከማቻ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ስካይድራይቭ ተብሎ ተጀምሮ ከ2014 ወዲህ ዋንድራይቭ የሚባለው ፕሮግራም፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ካልመረጠለት በቀር ፎልደሩን በ“ሲ” ላይ ያኖራል። የሁለትና የሦስት ዓመት ሰነድ ሲጠራቀም “ሲ” ይሞላል፤ ኮምፒዩተሩም ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ዓይኑን ወደ ባዶው “ዲ” ማዞሩ ተገቢ ነው። የሚያስወቅሰው ማዛወሩ ሳይሆን የሚያዛውርበት መንገድ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የማመሳሰል ባሕርይ ነው። ደረሰኝ በካርቦን ሲቆረጥ ዋናው ቢቀደድ እንኳ ቅጂው በጥራዙ ውስጥ ይቀራል፤ ሁለቱ ከተለያዩ በኋላ አንዱ የሌላውን ዕድል አይጋራም። የተመሳሰለ ፎልደር ግን የካርቦን ቅጂ አይደለም። በቢሮው ኮምፒዩተርና በደመናው ያሉት ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የታዘዙ ናቸውና፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ይጻፋል፤ ከአንዱ የተሰረዘውም ከሌላው ይሰረዛል።

አንድ ባለሙያ የ2015 እና የ2016 ዓ.ም. ሰነዶችን ከዋንድራይቭ ፎልደር ቆርጦ በ“ዲ” ላይ ለጠፈ እንበል። በእርሱ ግምት ሰነዱ በ“ዲ”ም አለ፣ በደመናም አለ። ፕሮግራሙ ግን ሥራውን የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ ሰነዱ ከፎልደሩ ወጥቷልና እንደ ተሰረዘ ቆጥሮ ከደመናውም ያነሣዋል። የተነሣው ሰነድ በደመናው ቅርጫት ውስጥ በግል መዝገብ 30 ቀን፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት መዝገብ ደግሞ በመደበኛው 93 ቀን ቆይቶ ለዘለዓለም ይጠፋል። በአራተኛው ወር የመብራት መቆራረጥ “ዲ”ን ቢያበላሸው፣ ባለሙያው ሁለት አለኝ ሲል የኖረው አንድ ብቻ እንደ ነበር፣ ያም አንዱ እንደ ጠፋ የሚገነዘበው ያን ጊዜ ነው። ኦዲተር የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ93 ቀን በኋላ ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር በስም ብቻ ያለ ፋይል ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋንድራይቭ በዊንዶውስ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የፋይሉን ስም ብቻ በኮምፒዩተሩ አሳይቶ ይዘቱን በደመና ማቆየት ይችላል። በስሙ አጠገብ የደመና ሥዕል ከታየ ይዘቱ በዲስኩ ላይ የለም፤ አረንጓዴ ምልክት ከታየ ግን አለ። የደመናው ሥዕል ያለበት ፋይል የሚከፈተው ኢንተርኔት ሲኖር ብቻ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሁሉ፣ የሐምሌ ወር መዝጊያ ሒሳብ በስም ብቻ ቢቀመጥ ምን እንደሚያስከትል ሊገምት ይችላል። ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት የትኛው ፋይል በእጅ እንዳለ፣ የትኛው በስም ብቻ እንዳለ መለየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ መፍትሔው ከሙያው ራሱ ይገኛል። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሲለወጥ ንብረት በቆጠራ ይረከባል፤ አስረካቢው ሳይቆጥር አይሰናበትም፣ ተረካቢውም ሳይቆጥር አይፈርምም። ፋይልም እንዲሁ በርክክብ ሊዛወር ይገባዋል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፣ ያልተላከ ፋይል እንዳይኖር ፕሮግራሙ ማመሳሰሉን እስኪጨርስ መጠበቅ፤ ከዚያም የፋይሎቹን ቁጥርና ጠቅላላ መጠን በወረቀት መመዝገብ ነው። የዴስክቶፕና የዶክመንትስ ፎልደሮች በዋንድራይቭ እንዲጠበቁ ተደርገው ከሆነ፣ ይህ አገልግሎት ቀድሞ መቆም አለበት። በዚህ ጊዜ ዴስክቶፑ ባዶ መስሎ ቢታይ መደንገጥ አያሻም፤ ሰነዱ በዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይገኛል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ገጽ ኮምፒዩተሩ ከመዝገቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጥ ነው። ይህ ትእዛዝ ከደመናው ምንም አይሰርዝም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሁለቱ ወገኖች መነጋገራቸውን ለጊዜው እንዲያቆሙ ነው። ከዚህ በኋላ ፎልደሩ በሙሉ፣ ስሙ ሳይለወጥ፣ ወደ “ዲ” ይገለበጣል፤ አይቆረጥም። በስም ብቻ የነበሩት ፋይሎች ባይገለበጡ ጉዳት የለውም፤ ግንኙነቱ ሲመለስ ስማቸው እንደገና ይታያል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ እንደገና ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ የፎልደሩ ቦታ የት ይሁን ተብሎ በሚጠየቅበት ገጽ “ዲ” ይመረጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። መመረጥ ያለበት ፎልደሩን የያዘው ቦታ ነው እንጂ ፎልደሩ ራሱ አይደለም። ፎልደሩ ራሱ ከተመረጠ ፕሮግራሙ በውስጡ ሌላ ፎልደር ፈጥሮ ሁሉን ከደመናው እንደ አዲስ ማውረድ ሊጀምር ይችላል። 200 ጊጋባይት ሰነድ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚሄድ መሥመር ያለ ማቋረጥ ቢወርድ እንኳ 44 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቦታው በትክክል ከተመረጠ ግን በዚያ ስም ፎልደር እንዳለ ፕሮግራሙ ራሱ ያስታውቃል፤ በነባሩ እንዲጠቀምም ይፈቀድለታል።

በመጨረሻም ቆጠራው ይመጣል። ማመሳሰሉ ሲያበቃ የፋይሎቹ ቁጥርና መጠን ቀድሞ በወረቀት ከተመዘገበው ጋር ይታረቃል፤ ከየዓመቱ ጥቂት ፋይሎችም ተከፍተው ይታያሉ። በኤክሴል መዝገቦች መካከል በ“ሲ” አድራሻ የተጻፉ ማያያዣዎች ካሉ ሊቋረጡ ስለሚችሉ ይታረማሉ። በ“ሲ” ላይ የቀረው አሮጌ ቅጂ የሚሰረዘው ይህ ሁሉ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው።

ተረካቢው ዲስክም ብቁ መሆን አለበት። ዋንድራይቭ በዊንዶውስ ላይ የሚቀበለው በኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተዘጋጀ ዲስክ ነው፤ በኤክስፋት የተዘጋጀውን አይቀበልም። በኔትዎርክ የሚገኝ ዲስክም ለዚህ አይሆንም። ተነቃይ ዲስክ ቢመረጥ ደግሞ፣ በተነቀለ ቁጥር ፎልደሩ አልተገኘም የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ ማመሳሰሉም ይቆማል። ከዚህም ጋር ፒችትሪን የመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራበት የመረጃ ፎልደር በሚመሳሰል ፎልደር ውስጥ ባይቀመጥ ይመረጣል። ብዙ ፋይሎቹ በአንድ ጊዜ የሚለወጡ በመሆናቸው፣ ማመሳሰሉ ግማሹን አዲስ ግማሹን አሮጌ አድርጎ ሊይዝ ይችላል። ለደመናው የሚገባው ፕሮግራሙ ተዘግቶ የተዘጋጀው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው።

ክቡራን አባላት፤ ዝውውሩ በሥርዓቱ ቢፈጸም እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። “ዲ” ከ“ሲ” ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚኖር ነው፤ ሌባ ሣጥኑን ቢወስድ ሁለቱንም ይወስዳል፣ እሳት ቢነሣም ሁለቱንም ይበላል። ደመናው ደግሞ በቢሮው የተፈጸመውን ስሕተት ተቀብሎ የሚደግም ነው። ስለዚህ የማይመሳሰል፣ በየወሩ ተገልብጦ የሚነቀልና ከቢሮው ውጭ የሚቀመጥ ሦስተኛ ቅጂ ያስፈልጋል። የካርቦን ቅጂን ሥራ ዛሬ የሚሠራው እርሱ ነው።

ለጥሬ ገንዘብና ለዕቃ የርክክብ ቅጽ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ለገንዘቡና ለዕቃው ምስክር የሆነው ሰነድ ግን ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲሻገር ቅጽም ፊርማም አይጠየቅበትም። የፋይሎቹ ቁጥር፣ መጠናቸው፣ ቀኑ፣ የአስረካቢውና የተረካቢው ዲስክ ስም፣ የቆጠረው ሰው ፊርማ የሚሰፍሩበት አንዲት ገጽ በየቢሮው የአሠራር መመሪያ ውስጥ ብትገባ፣ ወጪዋ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው፤ የምታድነው ግን የዓመታት ድካም ነው።