ለየቲም ቤት ስንነድፍ ከዶርዜ ምን እንማራለን?

(በአርባ ምንጭ ከተማ ለማኅበሩ አባላት፣ ለለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች በአንድ የአርክቴክቸር ተማሪ የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

 የተጠየቅሁት በትምህርቴ ማጠናቀቂያ የምሠራውን ንድፍ እንዳስረዳ ነው። ንድፉ አባት የሞተባቸውን ልጆቿን ይዛ ለምትኖር እናት፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ውስጥ የሚሠራ አነስተኛ መኖሪያ ቤት ነው። ገና በወረቀት ላይ ያለ ነው። ሆኖም ለየቲም ቤት ለመሥራት ገንዘብ በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ ዋጋ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። ወደዚያ ጥያቄ ያደረሰኝን መንገድ በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የአርክቴክቸር ተማሪ ከሦስት ወገን ይማራል፤ ከቀደምት ሰዎች አሠራር፣ ስማቸው ከታወቀ ባለሙያዎች ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ከሚኖረው ሰው።

ከቀደምቱ ልጀምር። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የወጣ ሰው ሁሉ የዶርዜን ቤት ያውቃል። ከተሰነጠቀ ቀርቀሃ እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ ይሠራል፤ አዲስ ሳለ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። መግቢያው ወደፊት የወጣ ነው፤ ከበላዩ በግራና በቀኝ የአየር ቀዳዳዎች አሉት፤ ስለዚህ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ ይመስላል። ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ይህንኑ መልክ ነው።

ለተማሪ ግን ከመልኩ ይልቅ ምክንያቱ ይበልጣል። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ብርዳማ ደጋ ነው። በመሆኑም የቤቱ ክዳን ወፍራም ነው፤ በውስጡ እሳት ይነድዳል፤ ከብቶችም በአንድ ወገን ያድራሉ፤ ሙቀታቸውም ለሰው ይተርፋል። ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ ሲወጣ ቀርቀሃውን ከተባይ ይጠብቀዋል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ አይፈርስም፤ የተበላው የታችኛው ክፍል ተቆርጦ ይጣልና ቤቱ ጥቂት አጥሮ እንደገና ይቆማል። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰባስቦ፣ ተሸክሞ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። አንድ ቤት በዚህ ሁኔታ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ቀርቀሃውና እንሰቱ የሚበቅሉት በጓሮ ነው፤ ጥገናውንም የመንደሩ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህንኑ ቅርጽ ገልብጠን አርባ ምንጭ ላይ ብናቆመው ምን ይሆናል? ከተማችን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ለብርድ የታሰበ ቤት እዚህ ነዋሪውን ያፍነዋል። የዝሆኑን ራስ በሲሚንቶ ብንሠራው ደግሞ መልኩ ይመጣል፤ ምክንያቱ ግን ጨንቻ ይቀራል። ስለዚህ ከዶርዜ የምንወስደው ሁለት ሕግጋትን ነው። ቤት ለቆመበት አየር ይታዘዝ። ቤት ባለቤቱ ሊጠግነው በሚችለው ነገር ይሠራ።

ወደ ባለሙያዎቹ ልለፍ። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1900 ተወልዶ በ1989 ያረፈ ነው። እንጨት ውድ በሆነበት አገር ለድሃ እንዴት ጣራ ይሠራል ብሎ ሲያስብ፣ ያለ እንጨት ድጋፍ የጭቃ ጡብ ጣራ ደፍተው የሚሠሩ የኑቢያ ግንበኞችን አገኘ፤ ከእነርሱም ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሉክሶር አጠገብ፣ በጥንታዊ መቃብሮች ላይ ይኖሩ ለነበሩ የቁርና ሰዎች አዲስ መንደር እንዲሠራ ተመደበ። መንደሩ ያማረ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ እስከ ዛሬ ይጠናል። ነገር ግን ከነዋሪዎቹ የሚበዙት ወደዚያ መግባት አልፈለጉም፤ ኑሯቸውና ገቢያቸው ከቀድሞው መንደር ጋር የተያያዘ ነበርና። ሥራውም ሳይጠናቀቅ ቆመ። ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1980 በአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት ልዩ ክብር ተሰጥቶታል፤ ክብሩ ይገባዋል። ሆኖም የቁርና ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። የሚኖርበት ሰው ያልፈቀደው ቤት፣ ቢያምርም፣ በነጻ ቢሰጥም፣ ባዶ ይቀራል።

ሁለተኛው የቡርኪና ፋሶው ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። ተወልዶ ባደገባት በጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ስላልነበረ በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ ተገደደ። በኋላ በርሊን ገና የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ነደፈ፤ ሕንፃውም እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶ የተጨመረበት የሸክላ አፈር ጡብ ነው። የቆርቆሮው ጣራ ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነፋስ በመካከላቸው ያልፋል፤ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ድንጋዩን ያመላለሱት ልጆች፣ ውሃውን የቀዱት እናቶች ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻንን ሽልማት አገኘ፤ ኬሬም እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን ታላቅ የአርክቴክቸር ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

ሦስተኛዎቹ መምህራን እናቶቻችን ናቸው። ንድፉን ከመጀመሬ በፊት ያነጋገርኋቸው አንዲት እናት ስለ ክፍል ብዛት አልጠየቁኝም። «ተቀምጬ የምፈትልበትና ልጆቼን የማይበት ቦታ ይኖረዋል ወይ?» ነበር ያሉኝ። በጋሞ ሸማ የወንዱ፣ ፈትል የሴቷ ሥራ ሆኖ መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለእኚህ እናት በረንዳው ጌጥ አይደለም፤ የልጆቻቸው እንጀራ ነው።

ንድፉ ከእነዚህ ሁሉ የተቀዳ ነው። ምስጥ እንጨቱን በቀላሉ እንዳያገኘው ቤቱ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቆማል። ግድግዳው ከአካባቢው አፈር በተሠራ ጡብ ይገነባል። ቆርቆሮው ከፍ ይላል፤ ከሥሩ በደጋው ቀርቀሃ የተጎነጎነ ኮርኒስ ይዘረጋል። ኮርኒሱ በየክፍሉ ስለተከፋፈለ አንዱ ሲበላሽ ያው ብቻ ተነሥቶ ይተካል። ይህ የዶርዜው ቁርጥ እግር ነው፤ መልኩ ተለውጧል፣ ጥበቡ ግን ያው ነው። ከፊት ለፊት ጥላና ብርሃን ያለው ሰፊ በረንዳ አለ፤ ማታ ልጆቹ ያጠኑበታል፣ ቀን እናት ትፈትልበታለች።

የተከበራችሁ ለጋሾች፤

በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ የተሠራበት መሬት የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል፣ ንብረት እንደነበር በሲራ ተዘግቧል። መሬቱ በነጻ ይሁን ቢባልም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዋጋው ሳይከፈል አልተቀበሉም። የመስጂዱ ግድግዳ የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣራው የተምር ዝንጣፊ ነበር፤ እርሳቸውም ከሰሓቦቻቸው ጋር ጡብ ተሸክመዋል። ከሕንፃው በፊት የየቲሞቹ መብት ታየ፤ ከዚያ በኋላ በአካባቢው የተገኘው ነገር ተሠራበት። ለነዳፊም ለለጋሽም ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል?

እንግዲያው ለየቲም ቤት ለመሥራት ስትነሡ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ መሬቱ ረከሰ ብላችሁ እናትን ከገበያዋ፣ ከዘመዷና ከልጆቿ ትምህርት ቤት አታርቋት። ሁለተኛ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት እርሷንና ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከግንባታው ገንዘብ ጥቂቱን ለጥገና አስቀሩ፤ ጥገናውንም ከልጆቹ አንዱ እንዲማር አድርጉ። ቁልፍ ስታስረክቡ እጅ ሥራም አብራችሁ ታስረክባላችሁ።

ከገንዘባችሁ፣ ከጊዜያችሁና ከጉልበታችሁ የምታወጡትን አላህ ይቀበላችሁ። ለየቲሞቻችንም ሙቀት የማያፍነው፣ ምስጥ የማይጥለው፣ እነርሱ ራሳቸው «ቤታችን» የሚሉት ቤት ይወፍቃቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።