ለሞዴል ባቡር የላይ ሽቦ መዘርጋት

አቅራቢ 1፦ በ1፡87 ሞዴል፣ የእውነተኛው ሐዲድ 5.5 ሜትር የሽቦ ከፍታ ወደ 63 ሚሊሜትር ይወርዳል። ምሰሶው የነሐስ ቢሆን ይመረጣል፤ ፕላስቲክ ሽቦው ሲወጠር ውሎ አድሮ ይጎብጣል።

አቅራቢ 2፦ ሽቦው በሐዲዱ መሐል ቀጥ ብሎ ይሄዳል?

አቅራቢ 1፦ አይሄድም። አንዱ ምሰሶ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ይስበዋል፤ በእውነተኛው ባቡር ይህ ፓንቶግራፉ (ከሽቦው ኃይል የሚቀበለው የባቡሩ ጣሪያ ክንድ) አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይበላ ያደርጋል።

አቅራቢ 2፦ ኩርባ ላይስ?

አቅራቢ 1፦ የተወጠረ ሽቦ ስለማይታጠፍ ምሰሶዎቹ ይቀራረባሉ፤ አለዚያ ሽቦው ከፓንቶግራፉ ጠርዝ ያመልጣል። ዋናው ሙያ ግን ብየዳው ነው። ሊዱ ከሽቦው በላይ በኩል ብቻ ይቀመጣል። ከሥር የቀረች ጠብታ ፓንቶግራፉን ትይዛለች፤ በጣት ጫፍ ሲዳሰስ ምንም እስከማይሰማ ድረስ በሞረድ ትለሰልሳለች።

አቅራቢ 2፦ ብዙዎች ኃይሉን በሐዲዱ ስለሚሰጡ ሽቦው ለመልክ ብቻ ይቀራል፤ ቢሆንም መለስለሱ የግድ ነው።